የጉበት ምርመራዬ ከፍ ብሏል፣ ጎኔንም ያመኛል፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ ግን አጣሁ

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ ጨርቅ እሸጣለሁ። ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። ከሰባት ወር በፊት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ያመኝ ጀመር። በአንድ ጣት የማሳየው ቦታ ነው፤ ጣቃ ከመደርደሪያ ሳወርድ ይብስብኛል። መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተብዬ ኪኒን ወሰድኩ። አልለቀቀኝም። የጉበት ምርመራ ሲታዘዝልኝ ኤስጂፒቲ 84፣ ኤስጂኦቲ 52 ሆነ። ሌላ ቦታ አሠራሁ፣ ኤስጂፒቲ 71 አለ። ሦስተኛው ቦታ 96። የጉበት ቫይረስ ቢም ሲም የለብሽም ተባልኩ። አልትራሳውንድ ከምሳ በኋላ ተነሳሁ፣ ጉበቱ ደህና ነው አሉኝ። በባዶ ሆድ ስኳሬ 112 ነው። ክብደቴ 78 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58። መጠጥ አልቀምስም። አማቴ የወፍ በሽታ ነው ብላ ስሚዛ ጨምቃ አጠጣችኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ካልሄድሽ ይለኛል። ሐኪሞቹ “ብዙም አይደለም” ይሉኛል። ብዙ ካልሆነ ለምን አይወርድም? ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ካንሰር እየመሰለኝ ነው። የደም ምርመራ ወረቀቴን አያይዣለሁ።

ምላሽ፦

ጠያቂዬ፣ እንቅልፍ ከነሳዎት ነገር ልጀምር። ኤስጂፒቲ በዚህ መጠን ከፍ ሲል ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ካንሰርን አይደለም። ከሱ በፊት የሚሰለፉ ብዙ ተራ ምክንያቶች አሉ፤ አብዛኞቹም መላ አላቸው። አልትራሳውንዱም ጉበትዎ ላይ እብጠት አላየም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

“ብዙም አይደለም” ያሉዎት ሐኪሞች አልዋሹም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት። ለዛሬ አያሰጋም ማለት ምክንያቱ አይፈለግ ማለት አይደለም። ወራት አልፈውት አልወርድ ያለ ቁጥር ባለቤት ሊገኝለት ይገባል።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ሕመሙንና ቁጥሩን ለያይተው ይዩዋቸው። አንድ ሰሞን ስለተገኙ የአንድ በሽታ ልጆች ናቸው ማለት አይደለም። እስካሁን ያንከራተተዎት ለሁለቱም አንድ ስም መፈለጉ ይመስለኛል።

ከሕመሙ እንነሳ። የጉበት ሥጋ ራሱ የሕመም ነርቭ የለውም። የሚያመው ጉበቱን የሸፈነው ስስ ልባስ ሲወጠር ነው። ያ የሚሆነው ደግሞ ጉበቱ ቶሎ ሲያብጥ ነው፤ ቫይረስ ድንገት ሲያጠቃው፣ መግል ሲቋጥር፣ ልብ ደክሞ ደም ሲጠራቀምበት። ድንገተኛ የቫይረስ ጥቃት ሲሆን ኤስጂፒቲ በመቶዎች፣ ብዙ ጊዜም በሺዎች ነው የሚቆጠረው። መግል ከሆነ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ይመጣል። የእርስዎ ሁኔታ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥምም።

ይልቅ ጽሑፍዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ስለ ጣቃው ያሉት ነው። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ዕቃ ሲነሳ የሚብስ ሕመም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ከሆድ ግድግዳ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤትዎ ሆነው ሊሞክሩት ይችላሉ። በጀርባዎ ይተኙ። የሚያመውን ነጥብ በጣትዎ ጫን አድርገው ይያዙ። ጣትዎን ሳያነሱ፣ በሌላው እጅዎም ሳይደገፉ፣ ራስዎንና ትከሻዎን ከትራሱ ቀና ያድርጉ። ሆድዎ ይጠነክራል። ሕመሙ ከባሰ ምንጩ ጡንቻው ወይም በጡንቻው መሀል የሚያልፈው ትንሽ ነርቭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀለል ካለ ግን የጠነከረው ጡንቻ ውስጡን ከጣትዎ ከልሎታል፤ ምንጩ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። የካርኔት ምርመራ ይባላል። መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብም አይፈልግም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው።

ከግድግዳው ከሆነ ሐኪሙ ነጥቧ ላይ ትንሽ ማደንዘዣ ይወጋል። ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ ምርመራውም ሕክምናውም አንድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። እስከዚያው ጣቃውን ልጆቹ ያውርዱት። ደግሞም እባክዎ ቦታውን እየደጋገሙ አይጫኑ። ሰው ሲጨነቅ ቀኑን ሙሉ ይነካካዋል፤ መነካካቱ ብቻውን ያሳምማል።

ሐሞት ከረጢትን ግን ገና አልለቀቅኩትም። አልትራሳውንዱ ምሳ ከበሉ በኋላ ነው ብለዋል። ሰው ሲበላ ሐሞት ከረጢት ይጨመታተራል፤ ተጨማትሮ ሳለ ጠጠር ቢኖርበት በደንብ ላይታይ ይችላል። ጉበቱ ላይ ያሉትን ልቀበል፣ ሐሞት ላይ ግን ያ ምርመራ እንዳልተሠራ ነው የምቆጥረው። ምንም ሳይበሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ቆይተው በድጋሚ ይነሱ። የሐሞት ጠጠር ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ቅባት ከተበላ በኋላ ይመጣል፣ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ትከሻ አጥንት ይወጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ይዞ ይለቃል። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የሚቆጠቁጥ ከሆነ እሱ አይመስልም።

እዚህ ላይ ስለ ታይፎይዱ አንድ ነገር ልበል። በየመንደሩ “ታይፎይድ ታይፈስ” ተብሎ የማይታከም ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ በሚወሰድ የዊዳል ምርመራ ታይፎይድ አለ ብሎ መፍረድ ግን አያስተማምንም፤ ቀድሞ የያዘው ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ሳይኖርዎት በዚያ ወረቀት ብቻ ተወግተው ከሆነ አዝናለሁ። መርፌው ሴፍትሪያክሶን ከነበረ ደግሞ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህ መድኃኒት ሐሞት ከረጢት ውስጥ ከካልሲየም ጋር እየተጣበቀ ጠጠር የሚመስል ዝቃጭ ሊሠራ ይችላል። ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ስሙን ከካርዱ ላይ ያስፈልጉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ የጉበት ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ጆንያ ሲቀደድ እህሉ እንደሚፈስ ሁሉ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ስለዚህ የሚነግሩን ጉዳት መኖሩን እንጂ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆን አለመሆኑን አይደለም። ሥራውን የሚነግሩን ሌሎች ናቸው፤ አልቡሚን፣ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋት ምርመራ። ወረቀትዎ ላይ አልቡሚኑ ደህና ነው። ቢሊሩቢኑም ደህና ነው። ለወደፊቱ ግን አንድ ነገር ይወቁ። በረመዳንም ሆነ በሌላ ጾም ሰሞን ቢሊሩቢን ብቻውን ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደንግጡ። አንዳንድ ሰው ጊልበርት የሚባል የማይጎዳ የትውልድ ጠባይ አለው፣ ሲራብ ቢሊሩቢኑ ይወጣል።

84፣ 71፣ 96። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሌሊቱን እንደሚያሰሉ እርግጠኛ ነኝ። ወረደ፣ ወጣ። እኔ ሳያቸው ግን አንድ ቁጥር ናቸው። ሦስት ላብራቶሪ፣ ሦስት ማሽን፣ የየራሳቸው ኬሚካልና የየራሳቸው መነሻ። ያው ሰው ራሱ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ኤስጂኦቲ ደግሞ ጡንቻም ውስጥ ስላለ ከባድ ዕቃ በተነሳ ማግስት ከፍ ይላል፤ ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱም ይወጣል። አንድ ላብራቶሪ ይምረጡና እዚያው ይጽኑ። ጠዋት ይሂዱ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ጣቃ አያንሱ።

እና ምክንያቱ ምንድነው? ሰውን በአካል ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። ግን ለውርርድ ብገደድ በጉበት ላይ በሚጠራቀም ስብ እወራረዳለሁ። ምልክቶቹን እርስዎው ጽፈውልኛል። ክብደትዎ ለቁመትዎ ይበዛል፤ ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው ቀመር (ቢኤምአይ) ሲሰላ 31 ይሆናል፣ ከ30 በላይ ውፍረት ይባላል። ስኳርዎ 112 ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይባልም፣ በሩ ላይ ነው። ኤስጂፒቲው ከኤስጂኦቲው ይበልጣል፤ መጠጥ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ የሚገለበጥ ነበር። “አልትራሳውንዱ ደህና ነው ብሏል እኮ” ይሉኝ ይሆናል። አልትራሳውንድ ቀላል የሆነውን ስብ ሳያየው ያልፋል። ከጉበቱ አንድ አምስተኛው ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በስብ ካልተያዘ በደንብ አያየውም።

ይህን ያህል ከሆነ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ይሆን የሚለውን በስልክዎ ካልኩሌተር ማየት ይቻላል። ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ያባዙ፤ 41 በ52 ሲባዛ 2132 ነው። ቀጥሎ ከደም ምርመራ ወረቀቱ ፕሌትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ሴሎች ቁጥር) ይውሰዱ፣ የእርስዎ 265 ሺህ ነው፤ 265 ብለው ይያዙት። የኤስጂፒቲውን ስኩዌር ሩት ያውጡ፤ የ84 ሩት 9.17 ነው። 265 በ9.17 ሲባዛ 2430 ገደማ ይመጣል። 2132ን በሱ ያካፍሉ፤ 0.88። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ሌሊት ሲነቁ ከ84 ይልቅ ይህችን ቁጥር ያስቡ።

ስብ ነው ከማለታችን በፊት ግን የሚጣሩ አሉ። ሐይቅ ነው ያደግኩት ብለዋል። እዚያ አካባቢም ሆነ በቦርከና ወንዝ ዳርቻ ላደገ ሰው ቢልሃርዚያን፣ ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ የሚይዘውን ጥገኛ ትል፣ መጠየቅ የግድ ነው። ኤስጂፒቲን እምብዛም አያስወጣም፤ በጉበት ደም ስሮች ዙሪያ ጠባሳ እየሠራ ጣፊያን ያሳብጣል። የሰገራ ምርመራ ይደረግ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያም ጣፊያውን ይለካ። ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

ስለ ጫት ምንም አልጻፉም። ኮምቦልቻ ስለሆኑ እጠይቃለሁ፣ ለመፍረድ አይደለም። ሐረር ላይ በተሠራ ጥናት ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ከጫት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ዱዓ ላይ ትንሽ ነው የምቅመው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ለሐኪም አይናገርም። ይናገሩ። ከቃሙ ለሦስት ወር ያቁሙና ቁጥሩ ምን እንደሚል እንይ።

ከመድኃኒት ደግሞ የቲቢ ኪኒን፣ የፈንገስ ኪኒን፣ ለወገብ እየተባለ ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ፣ ሁሉም ጉበትን ሊነኩ ይችላሉ። የዋጡትን ሁሉ፣ በሐኪም የታዘዘም ሆነ ያልታዘዘ፣ ከነጊዜው ይጻፉት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ባለ500 ሚሊግራሙን በቀን ከ4 ፍሬ አያሳልፉ።

የአማትዎን ነገር በጥንቃቄ ነው የምናገረው፤ ወድደው ነው ያደረጉት። ግን የወፍ በሽታ የሚባለው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው። እርስዎ ዓይኔ ቢጫ ሆነ አላሉም፣ ቢሊሩቢንዎም ደህና ነው። ስለዚህ በእሳቸው በራሳቸው አነጋገር እንኳ ሕመሙ እሱ አይደለም። መጠኑ ያልታወቀ ጭማቂ ደግሞ ቁጥሩ ቢወጣ ከየት እንደወጣ እንዳናውቅ ያደርገናል። “ሐኪሙ ምርመራው እስኪያልቅ አቁሚ ብሎኛል” ይበሏቸው። እኔ ላይ ይደፍድፉት። ዓይኑ በእውነት ቢጫ የሆነ ሰው ቤትዎ ካለ ግን “የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም” እየተባለ እንዳይዘገይ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቤትዎ ውስጥ ወይም ጎረቤት ሆዱ የሚያብጥ፣ የሚከሳ ሌላ ሰው አለ? በ1990ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ቤተሰብ ከነልጁ ያጠቃ ነበር። በኋላ ሲጠና መርዛማ አረም ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚበላ ታወቀ። ፍንጩ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው መታመሙ ነበር። እርስዎ ብቻዎን ከሆኑ ይህን እንተወው።

አዲስ አበባስ? አሁን አያስፈልግም። ሐረጎን ወጥተው ደሴ መድረስ ይበቃዎታል። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክሊኒክ ይቅረቡ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ አለበለዚያ ከበር ሊመለሱ ይችላሉ። ሦስቱንም የላብራቶሪ ወረቀት በቀን ተራ አስይዘው ይያዙ። ቁጥሩ በሚቀጥሉት ወራትም ካልወረደ፣ ወይም ከጤናማው ወሰን እጥፍ በላይ እየሆነ ከቀጠለ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበት በሽታ ይጣራል። በሴቶች ላይ ይበዛል፣ መድኃኒትም አለው። ምርመራው እዚህ ካልተሠራ የደም ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል፤ ደሙ ይሂድ እንጂ እርስዎ አይንከራተቱ።

ስቡን ለማቅለጥ መድኃኒት ፍለጋ አይውጡ። ከ78 ኪሎ 4 ኪሎ ቢቀንሱ የጉበቱ ስብ መቀነስ ይጀምራል። ከ5 ኪሎ ተኩል እስከ 8 ኪሎ ከቀነሱ ቁስለቱም ይሻላል። በወር ከአንድ ሁለት ኪሎ በላይ አይሩጡ፤ በረሃብ ድንገት መክሳት ለሐሞት ጠጠርም ይዳርጋል። እንጀራ ተዪ የሚሉዎትን አይስሙ፤ ይቀንሱት። የሚረጋውን ዘይት ይተዉ። ለስላሳ መጠጥ ፈጽሞ ይቁም። ከሱቅ ወደ ቤት በባጃጅ ነው የሚሄዱት? ሲመለሱ በእግር ይሁን።

ቡናን ግን አልከለክልዎትም። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው የተሻለ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ችግሩ ስኳሩ ነው። ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ከተጨመረ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ጎረቤት ሲጠራ ደግሞ ይደገማል። መራራውን ይልመዱት።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሦስት ወር ቀጠሮ ይያዙ። በመሀል ኤስጂፒቲውን አያስመርምሩ። በየሳምንቱ የሚሠራ ምርመራ ሐሳብ ይጨምራል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። ቀጠሮው ቀን ላይ ከተጻፈ “ዛሬ የሚወሰን ነገር የለም” ብሎ መተኛት ይቀላል። ወረቀቶቹን አልጋው አጠገብ አያስቀምጡ። ሌሊት በስልክ መፈለጉንም ይተዉት፤ ስልኩ እርስዎን አያውቅም፣ ለሁሉም ሰው ካንሰር ነው የሚለው። ጭንቀቱ ቀን ላይ ሥራ ካላሠራዎት ለሐኪሙ እንደ ሕመሙ ሁሉ ይንገሩት። እሱም ይታከማል።

ቀጠሮውን ሳይጠብቁ የሚሄዱበት ነገር አለ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ኮካ ከመሰለ፣ ሰገራዎ ከነጣ፣ ትኩሳት ከሚያንቀጠቅጥ ብርድ ጋር ከመጣ፣ ደም ካስመለሰዎት ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆድዎ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ፣ ሐሳብዎ ከተዛባ፣ ሳይሞክሩ ብዙ ከከሱ፣ ያኔ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል።

የመጨረሻው ስለ ቫይረሱ ነው። ቢ የለብዎትም መባሉ ደስ ይላል፣ ግን ወደፊት አይይዝዎትም ማለት አይደለም። ክትባት አለው፤ ዛሬ አንድ፣ ከወር በኋላ አንድ፣ በስድስተኛው ወር አንድ። ለሕፃናት በመደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ካሉዎት አልወሰዱትም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን ካርዳቸውን ይዩ። ባለቤትዎ መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ነጻ ከሆኑ አብረው ይከተቡ።